ባትሪን በካፓሲተር መሙላት፦ ሙከራው የሚያሳየውና ቮልትሜትሩ የሚሸፍነው

በትርፍ ጊዜያቸው ኤሌክትሮኒክስ በሚነካኩ ሰዎች ዘንድ በየሀገሩ ከሚደጋገሙት ሙከራዎች አንዱ ባትሪን በካፓሲተር መሙላት ነው። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሉት ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለአጭር ጊዜ የሚይዝ ዕቃ፣ ከአንድ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከሶላር ፓነል ወይም ከሌላ ባትሪ፣ ይሞላል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ፣ ማለትም በሪሌ ወይም በትራንዚስተር አማካይነት ከምንጩ ተላቅቆ ከሚሞላው ባትሪ ጋር በድንገት ይገናኛል፤ የያዘውን ካራገፈ በኋላ ተመልሶ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ይህ ዑደት በሰኮንድ አንድ ጊዜም ሆነ መቶ ጊዜ ሊደገም ይችላል። ስለ ሙከራው ከሚነገረው ውስጥ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይሰማሉ፦ ባትሪው በተለመደው ቻርጀር ከሚሞላው ፈጥኖ ይሞላል፣ የሞተ ባትሪ ይነሣል፣ ከምንጩ ከወጣው የበለጠ ኃይል ባትሪው ውስጥ ይገኛል የሚሉት ናቸው።

መብራት በሚቆራረጥበት፣ አዲስ ባትሪ መግዛትም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ወጪ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ ሀገር እነዚህ አባባሎች ጆሮ ማግኘታቸው አያስገርምም። ከጥቅም ውጪ ሆነዋል ተብለው የተቀመጡ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን የሚያቆይ መሣሪያ)፣ የሶላርና የመኪና ባትሪዎች በየቤቱና በየሱቁ አሉ፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ከፓወር ሰፕላይ የሚነቀል ካፓሲተርም በርካሽ ይገኛል። ሙከራውን ራሱን የሚያጣጥል ሰው ተሳስቷል፤ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ ብዙ ነገር ያስተምራልና። አሳሳቢው ነገር ከሙከራው የሚወሰደው መደምደሚያ ነው። አብዛኛው መደምደሚያ የሚመጣው የባትሪውን ቮልቴጅ ከማየት ነው፤ ቮልቴጅ ደግሞ ባትሪው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደ ገባ ለመናገር ብቻውን የማይበቃ ምስክር ነው።

በመጀመሪያ የካፓሲተሩን አቅም በቁጥር ማየት ይገባል። አንድ ካፓሲተር የሚይዘው ኃይል የፋራድ መጠኑ (ፋራድ የካፓሲተር አቅም መለኪያ ነው) በቮልቴጁ ስኩዌር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በሙከራዎቹ ላይ በብዛት የሚታየው 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ24 ቮልት ሲሞላ የሚይዘው 2.88 ጁል ነው። ይህ ኃይል አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል ከግማሽ ሰኮንድ ጥቂት ለበለጠ ጊዜ ብቻ ያበራል። በቅርብ ዓመታት ዋጋቸው የቀነሰው ሱፐርካፓሲተሮችም ቢሆኑ ከሚታሰበው ያነሰ ነው የሚይዙት። እያንዳንዳቸው 2.7 ቮልትና 500 ፋራድ የሆኑ ስድስት ሱፐርካፓሲተሮች በተከታታይ ሲያያዙ 16.2 ቮልትና ወደ 83 ፋራድ ገደማ የሆነ አንድ ጥቅል ይሰጣሉ። ጥቅሉ ሙሉ ሲሆን የያዘው ኃይል ወደ 11,000 ጁል፣ ማለትም ወደ 3 ዋት ሰዓት ይጠጋል። አንድ መካከለኛ የስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ከዚህም በላይ ጥቅሉ በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ቢገናኝ ሊሰጥ የሚችለው ከባትሪው ቮልቴጅ በላይ ያለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ይህም ከያዘው 40 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ውስጡ ይቀራል። የሱፐርካፓሲተር እውነተኛ ጥንካሬ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ መስጠትና መቀበል ይችላል፣ ከባትሪም ይልቅ እጅግ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢራገፍ አይደክምም። ለዚህም ነው ሞተር ለማስነሣት የሚረዳው።

እንግዲህ ካፓሲተሩ የሚያጠራቅም ዕቃ ሳይሆን የሚያመላልስ ዕቃ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሲያመላልስ ምን ያህል ኃይል ይባክናል የሚለው ይሆናል፤ ይህ ጥያቄ የሚያስገርም መልስ ስላለው በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል።

24 ቮልት ምንጭ አለን እንበል፤ የሚሞላው ባትሪ 12.5 ቮልት ላይ ነው፤ ካፓሲተሩ 10,000 ማይክሮፋራድ ነው። ካፓሲተሩ 24 ቮልት ደርሶ ባትሪው ላይ ሲራገፍ እስከ 12.5 ቮልት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ያስተላለፈው ቻርጅ፣ ቻርጅ በሚለካበት በኩሎም፣ 0.115 ነው። ካፓሲተሩ ያጣው ኃይል 2.1 ጁል ሲሆን ባትሪው የተቀበለው 0.115 በ12.5 ተባዝቶ 1.44 ጁል ነው። ልዩነቱ፣ ማለትም ከሦስት እጅ አንዱ ያህል፣ በገመዱ፣ በማብሪያው ነጥብና በባትሪው የውስጥ ተቃውሞ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። ካፓሲተሩ ተመልሶ ከምንጩ ጋር ሲገናኝም ሌላ ብክነት አለ። ከ12.5 ወደ 24 ቮልት ሲወጣ ያንኑ 0.115 ኩሎም ይወስዳል፤ ምንጩ ግን እያንዳንዱን ኩሎም በ24 ቮልት ስለሚሰጥ ያወጣው 2.76 ጁል ይሆናል፤ ካፓሲተሩ ውስጥ የገባው ግን 2.1 ብቻ ነው። ሁለቱ ብክነቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከምንጩ ከወጣው 2.76 ጁል ባትሪው ጋ የደረሰው 1.44፣ ማለትም 52 በመቶ ነው።

ይህ 52 በመቶ ከየት እንደ መጣ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ 12.5 ለ24 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ራሱ ነው። ካፓሲተሩን አውጥቶ በምትኩ አንድ ተራ ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ዕቃ) በምንጩና በባትሪው መካከል ያስገባ ሰው የሚያገኘው ውጤትም በትክክል ይኸው ነው። ዑደቱ በሰኮንድ አምስት ጊዜ ቢደገም በአማካይ 0.575 አምፔር ወደ ባትሪው ይሄዳል፤ ባለ 20 ኦም ሬዚስተርም ይህንኑ 0.575 አምፔር ያሳልፋል። በዚህ ፍጥነት 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 87 ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሞካሪዎችን ቅር ያሰኛል፤ ሆኖም ስሌቱ ግልጽ ነው። ቋሚ ቮልቴጅ ካለው ምንጭ በቀጥታ ተሞልቶ በቀጥታ የሚራገፍ ካፓሲተር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ፈጣንም ይሁን ዝግተኛ፣ ከሬዚስተር የተሻለ ነገር አይሠራም። የማብሪያውን ጥራት ማሻሻልም፣ ገመዱን ማወፈርም ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ ተቃውሞው ሲቀንስ ከረንቱ ለቅጽበት ከፍ ስለሚል የሚባክነው ኃይል መጠን ያው ይሆናል።

የብክነቱ ምክንያት የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ሁለት ነገሮች በተለያየ ቮልቴጅ ላይ እያሉ በድንገት ሲገናኙ፣ ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ወዳለው የሚወርደው እያንዳንዱ ኩሎም የልዩነቱን ያህል ኃይል በመንገድ ላይ ይጥላል። ከጣሪያ ላይ ካለ ታንከር መሬት ላይ ወዳለ በርሜል ውኃ ሲለቀቅ የከፍታው ጉልበት በመፍሰስና በመረጨት እንደሚያልቅ ማለት ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ያጠበበ ብክነቱን ይቀንሳል። ካፓሲተሩ በ24 ቮልት ሳይሆን በ15 ቮልት ላይ ቢራገፍ ከሚያወጣው ኃይል 91 በመቶው ባትሪው ጋ ይደርሳል። ልምድ ያላቸው ሞካሪዎች ከፍ ያለ ቮልቴጅና ትንሽ ካፓሲተር ከመጠቀም ይልቅ ዝቅ ያለ ቮልቴጅና ትልቅ ካፓሲተር ይሻላል የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን ይህ ማሻሻያ ዋጋ የሚኖረው ካፓሲተሩ ራሱ ያለ ብክነት የሚሞላበት መንገድ ሲገኝ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ ኮይል፣ ማለትም የተጠቀለለ ሽቦ ነው።

ኮይል በመሃል ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በምንጩና በካፓሲተሩ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ኮይሉ ተቀብሎ በማግኔት መስክ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ቆይቶም ይመልሰዋል፤ በዚህ ምክንያት ልዩነቱ ወደ ሙቀት መለወጡ ይቀራል። የላፕቶፕ ቻርጀርንም ሆነ የስልክን ቻርጀር ከፍቶ ለሚመለከት ሰው ካፓሲተርና ኮይል ወይም ትራንስፎርመር ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየቱ በአጋጣሚ አይደለም። ኃይሉን የሚያሻግረው በዋናነት ኮይሉ ነው፤ ካፓሲተሩ ደግሞ የሚንቀጠቀጠውን ቮልቴጅ ያረጋጋል።

ከካፓሲተር ሙከራዎች ሁሉ በጣም የሚታወቀውም ኮይል ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው አሜሪካዊው ጆን ቤዲኒ የድምፅ አምፕሊፋየሮችን በመሥራት የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ማግኔት በተለጠፈበት ጎማ፣ በኮይልና በትራንዚስተር የሚሠራ ሞተር ነድፎ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማግኔቱ በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ ትራንዚስተሩ ይከፈትና ከአንደኛው ባትሪ ከረንት ወደ ኮይሉ ይገባል፤ ትራንዚስተሩ ወዲያው ሲዘጋ በኮይሉ ውስጥ ያለው የማግኔት መስክ ይፈርስና ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ምት ይፈጠራል፤ ይህ ምት ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ በኩል በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ባትሪ ይሄዳል፣ ወይም በካፓሲተር ተጠራቅሞ በየጊዜው ይራገፋል። ብዙ ሰዎች የብስክሌት ጎማ ተጠቅመው ይህንን ሞተር ሠርተዋል፤ በጥንቃቄ የተሠራው ይሽከረከራል፣ ሁለተኛውንም ባትሪ በእርግጥ ቻርጅ ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ የሚካድ ነገር የለም።

ክርክሩ የሚነሣው ከምቱ ጋር ከአካባቢው የሚመጣ ተጨማሪ ኃይል አለ፣ ሁለተኛው ባትሪ አንደኛው ካጣው በላይ ያገኛል በሚለው አባባል ላይ ነው። ለዚህ አባባል መነሻ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የምቱ ቮልቴጅ ከፍታ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ተነሥቶ 200 ቮልት የሚያሳይ መሣሪያ ለተመለከተ ሰው ኃይል የተባዛ ይመስለዋል። በቁጥር ሲታይ ግን 10 ሚሊሄንሪ የሆነ ኮይል 2 አምፔር ሲያልፍበት የሚይዘው ኃይል 0.02 ጁል ነው። ይህ ኃይል 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ውስጥ ቢገባ ካፓሲተሩን 200 ቮልት ያደርሰዋል፤ 100 ማይክሮፋራድ ውስጥ ቢገባ ደግሞ 20 ቮልት ብቻ። በሁለቱም ዘንድ ያለው ያው 0.02 ጁል ነው። የባለቤትነት መብት መሰጠቱንም እንደ ማረጋገጫ ማቅረብ አይቻልም፤ መብቱ የሚናገረው ንድፉ አዲስ መሆኑን እንጂ ከገባው የበለጠ ኃይል መውጣቱን ማንም ለክቶ እንዳረጋገጠ አይደለም። በኮይሉ መዳብ፣ በትራንዚስተሩ፣ በጎማው መሽከርከሪያና በአየሩ ግጭት የሚጠፋው ኃይል ሲቀነስ ለሁለተኛው ባትሪ የሚተርፈው ሁልጊዜ ከገባው ያነሰ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ቅን ሰው ራሱ ሠርቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ባትሪው ፈጥኖ ሞላ ሲል ምን እያየ ነው? መልሱ ያለው በመኪናና በዩፒኤስ ውስጥ በሚገኘው የሊድ አሲድ ባትሪ ጠባይ ውስጥ ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው።

ሊድ አሲድ ባትሪ ሲራገፍ በሁለቱም ወገን ፕሌቶቹ (በአሲዱ ውስጥ ያሉት የሊድ ሰሌዳዎች) ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ሲሞላ ሰልፌቱ ተመልሶ ይሟሟል። ባትሪው ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ሰልፌቱ ወደ ጠንካራና ትልልቅ ክሪስታል ይለወጥና የፕሌቱን ገጽ ይሸፍናል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ባትሪ ለሥራ የቀረው የፕሌት ገጽ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቻርጅ ሲሰጠው ቮልቴጁ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። እነሆ ወጥመዱ፦ ባትሪው በተበላሸ ቁጥር ቮልትሜትሩ ላይ ፈጥኖ የሞላ ይመስላል። 9 ቮልት ላይ የነበረ ባትሪ በግማሽ ሰዓት የካፓሲተር ምት 13 ቮልት ደረሰ ማለት ተነሣ ማለት ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ጤነኛ ባትሪ በዚያ አነስተኛ ከረንት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ከፍ ሊል አይችልም ነበር። በተጨማሪም ማንኛውም ሊድ አሲድ ባትሪ ከቻርጀር ሲላቀቅ ለሰዓታት የሚቆይ የላይ ላይ ቮልቴጅ ይኖረዋል። እውነተኛው ንባብ የሚገኘው ሳይነካ ብዙ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት፣ ካረፈ በኋላ ነው፤ ያኔ 12.7 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ሙሉ፣ 12.2 አካባቢ የሚያሳየው ግማሽ፣ ከ12 በታች የወረደው ደግሞ ወደ ባዶነት የተጠጋ ነው። ይህም ቢሆን ለጤነኛ ባትሪ ብቻ የሚሠራ መለኪያ ነው።

ምቱ በሚካሄድበት ጊዜ የሚነበበው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ባትሪው 0.05 ኦም የውስጥ ተቃውሞ ካለውና በቅጽበት 100 አምፔር ቢገባበት፣ በጫፎቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ በዚያች ቅጽበት በ5 ቮልት ከፍ ይላል፤ ይህ ጭማሪ ግን በሙቀት መልክ የሚጠፋው ኃይል ምልክት እንጂ ባትሪው ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ርካሽ መልቲሜትር እንዲህ ያለውን ምት ሲያነብ አንዴ ጫፉን አንዴ አማካዩን እያሳየ ይዋልላል። ምቱን በትክክል ለማየት መጠኑ የታወቀ አነስተኛ ሬዚስተርና ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው ግን ያለ እርሱም እውነቱን ማግኘት ይችላል፤ ባትሪው ምን ያህል ሰጠ ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። በዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘውን 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ እንውሰድ። ይህ ባትሪ በሚገባ ከተሞላና ካረፈ በኋላ ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖል ቢያያዝበት፣ አዲስ ከሆነ ወደ 16 ሰዓት ገደማ ያበራል፤ 10.5 ቮልት ላይ ሲደርስ አምፖሉ መነቀል አለበት። ከካፓሲተር ሕክምናው በፊት ሁለት ሰዓት ያበራ የነበረ ባትሪ ከሕክምናው በኋላ ስድስት ሰዓት ካበራ በእርግጥ አንድ ነገር ተሻሽሏል። ይህን ፈተና ያለፈ ውጤት በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባዋል።

ሆኖም ማሻሻያው ከምቱ መጣ ለማለት አንድ እርምጃ ይቀራል። ያልጠነከረ ሰልፌት በማንኛውም ዝግተኛና ረጅም ቻርጅ ሊሟሟ ይችላል፤ ለቀናት በትንሽ ከረንት የተሞላ ባትሪ ያለ ምንም ምት ከፊል አቅሙን ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ምቱ ልዩ ኃይል አለው የሚል ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ዩፒኤስ የወጡ ሁለት እኩል የደከሙ ባትሪዎችን ወስዶ፣ አንዱን በካፓሲተር ምት፣ ሌላውን በተራ ቻርጀር በተመሳሳይ አማካይ ከረንትና በተመሳሳይ ሰዓት ሞልቶ፣ ሁለቱንም በአምፖል መፈተን ይኖርበታል። ይህ ንጽጽር በአብዛኛው አይደረግም፤ ብዙ የተነገረላቸው ውጤቶች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ፕሌቱ የተበላ፣ የተሰነጠቀ ወይም ዱቄቱ የረገፈ ባትሪ ግን በምትም በሌላም አይመለስም። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ሲሆን የአሲዱ መጥቆርና በሥሩ የሚታየው ዝቃጭ የዚህ ምልክት ነው።

አሁን በሶላር ዕቃዎችና በኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶች ላይ እየበዛ የመጣው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ለዚህ ሙከራ ጨርሶ አይመችም። ሰልፌት የሚባል ነገር ስለሌለበት በምት የሚታከም ችግር የለውም፤ እያንዳንዱ ሴል ደግሞ ሊታለፍ የማይገባው የቮልቴጅ ወሰን አለው። ወሰኑ ለተለመደው የሊቲየም አዮን ሴል 4.2 ቮልት፣ ለሊቲየም አይረን ፎስፌት 3.65 ቮልት ነው። ጠባቂ ሰርኪዩቱን አልፎ በቀጥታ ሴሉ ላይ ካፓሲተር ማራገፍ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ድርጊት ነውና ማንም እንዲሞክረው አልመክርም። በሊድ አሲዱም ቢሆን አደጋ አለ። ባትሪው ሞልቶ ሲፈላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 በመቶ ጀምሮ ስለሚቀጣጠል የሪሌው ብልጭታ ከባትሪው ርቆ፣ ሥራውም አየር በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ካፓሲተር ለባትሪ መሙያ የማይረባ ነው ለማለት አይደለም። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ያስገባው ዘዴ ትልቅ ካፓሲተር ይጠቀማል። አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ ዳይናሞው እስከ 25 ቮልት እያመነጨ ካፓሲተሩን በሰኮንዶች ውስጥ ይሞላል፤ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ያን ያህል ከረንት መቀበል አይችልምና ካፓሲተሩ ቦታውን አግኝቷል። ከካፓሲተሩ ወደ 12 ቮልቱ መስመርና ባትሪ የሚሄደው ግን በድንገተኛ ማራገፍ ሳይሆን በኮንቨርተር፣ ማለትም ኮይል ባለበት መሣሪያ በኩል ነው። የቤት ሞካሪም ከብስክሌት ዳይናሞ ወይም ከትንሽ የነፋስ ማመንጫ የሚመጣውን ያልተረጋጋ ኃይል በሱፐርካፓሲተር ተቀብሎ በኮንቨርተር በኩል ወደ ባትሪ ቢያሳልፍ ትርጉም ያለው ነገር ይሠራል። ገበያ ላይ ያሉት ትናንሽ የኮንቨርተር ሰሌዳዎች ርካሽ ስለሆኑ በሪሌ መድከም አያስፈልግም።

ሌላው እውነተኛ ምሳሌ ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ይገኛል፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረገው ርካሹ የእጅ ባትሪ ነው። ከውስጡ አንድ 4 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ፣ አራት ዳዮዶችና ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ቀይ የሆነ አንድ የፊልም ካፓሲተር አለ፤ ከካፓሲተሩ ጎን ደግሞ ትንሽ ሬዚስተር ተለጥፏል። ትራንስፎርመር የለውም። 220 ቮልቱን የሚቀንሰው ካፓሲተሩ ብቻ ነው። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ50 ኸርዝ ላይ 69 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ በዳዮዶቹ ከተቃና በኋላ ባትሪው ጋ በአማካይ 60 ሚሊአምፔር ገደማ ይደርሳል። ይህን ሥራ በሬዚስተር ለመሥራት ቢታሰብ ሬዚስተሩ 15 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣ ነበር፤ ካፓሲተሩ ግን አይሞቅም። የሶኬቱ ቮልቴጅ በድንገት ሳይሆን እየወጣና እየወረደ ስለሚመጣ ካፓሲተሩ ይከተለዋል፤ በምንጩና በካፓሲተሩ መካከል በየቅጽበቱ የሚቀረው ልዩነት ባትሪው የሚወስደው ቮልቴጅ ራሱ ነው። ከላይ በሪሌው ሙከራ ያየነው ብክነት እዚህ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ብልሃት ያለው ንድፍ ሁለት ከባድ ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ማቆሚያ የሌለው መሆኑ ነው። ባትሪው 800 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢሆን በ15 ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ካፓሲተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን ተሰክቶ ቢተውም ያንኑ ከረንት መላኩን ይቀጥላል፤ ባትሪው ውኃውን ጨርሶ ይደርቃል። ብዙ የእጅ ባትሪዎች ዕድሜያቸው የሚያጥረው በዚህ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ሕይወትን የሚመለከት ነው። በሶኬቱና በባትሪው መካከል የሚለይ ነገር ስለሌለ፣ ዕቃው ተሰክቶ እያለ ባትሪው ራሱ፣ ገመዶቹም፣ አምፖሉም በሙሉ የመስመር ኤሌክትሪክ ናቸው። 4 ቮልት ነው ብሎ የነካ ሰው የነካው 220ውን ነው። በካፓሲተሩ ጎን ያለው 1 ሜጋኦም ሬዚስተርም የተቀመጠው መሰኪያው ከሶኬት ሲነቀል ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ቻርጅ እንዲያራግፍ ነው፤ እርሱ ተቃጥሎ ወይም ተነቅሎ ከሆነ የመሰኪያውን ሁለት ጫፎች የነካ ጣት ይመታል።

ይህን ሰርኪዩት ያዩ ሞካሪዎች ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን እየጨመሩ የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ሲሠሩ ይታያሉ፤ 4 ማይክሮፋራድ ሲሆን 250 ሚሊአምፔር ገደማ ይገኛልና ስሌቱ ትክክል ነው። የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ ግን ምሰሶዎቹ ገላጣ ናቸው፣ በቤት ውስጥ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ልጆችም ይደርሱበታል። እንዲህ ያለው ቻርጀር በዚያ ባትሪ ላይ ፈጽሞ መያያዝ የለበትም።

የእጅ ባትሪውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ካፓሲተሩንና የሶኬቱን መሰኪያ ጨርሶ አውጥቶ በምትኩ በትራንስፎርመር ከመስመሩ የተለየውን፣ ጥራት ያለው ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር መጠቀም ይችላል። በቻርጀሩና በባትሪው መካከል ሾትኪ የሚባል፣ ጥቂት ቮልቴጅ ብቻ የሚወስድ አንድ ዳዮድና ባለ 5 ኦም አንድ ሬዚስተር ይገባል። ዳዮዱ 0.3 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ ለ4 ቮልቱ ባትሪ የሚደርሰው 4.7 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ባዶ ሳለ ከ100 ሚሊአምፔር በላይ ይቀበላል፤ እየሞላ በሄደ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚጠብ ከረንቱ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባትሪው ሌሊቱን ተሰክቶ ቢያድርም አይደርቅም።